«ኦሪጅናል ነው ወይስ ኮፒ?» የፍሬን ሸራ ስንገዛ የምንጠይቀው የተሳሳተ ጥያቄ

መኪና ቁልቁለት ላይ መቆም አቅቶት ጉዳት ባደረሰ ቁጥር የምንሰማው ምክንያት አንድ ዓይነት ነው፤ «ፍሬን በጥሶ ነው» ወይም «ፍሬኑ እምቢ ብሎት ነው» ይባላል። አነጋገሩ ከመለመዱ የተነሣ ማንም አይመረምረውም። ይሁንና በዘመናዊ መኪና የእግር ፍሬን ውስጥ እንደ ገመድ የሚበጠስ ነገር የለም። የዘይት ቱቦ ሊፈነዳ ይችላል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ በይበልጥ የሚያሰጋው ግን ሙቀት ነው። ሸራው ግሎ የመያዝ ኃይሉን ያጣል፤ ወይም የፍሬን ዘይቱ ይፈላል። በመጀመሪያው ሁኔታ ፔዳሉ ከእግር ሥር ድንጋይ ሆኖ ሳለ መኪናው አይቆምም፤ በሁለተኛው ደግሞ ፔዳሉ ያለ አንዳች ተቃውሞ እስከ ወለሉ ይወርዳል። ሁለቱ የተለያዩ ሕመሞች ናቸው፤ መድኃኒታቸውም የተለያየ ነው። «በጠሰ» የሚለው ቃል ሁለቱንም ስለሚሸፍንብን መኪናው ከተነሣ በኋላ የምንማረው ነገር አይኖርም።

ይህን ጉዳይ ለማንሣት ከአራዳና ከፒያሳ የተሻለ ስፍራ የለም። ከማዘጋጃ ቤት በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር፣ ከጊዮርጊስ ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ፣ ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ከፍ ሲልም ከእንጦጦ በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ ስድስት ኪሎ፤ መንገዱ ሁሉ ወይ መውጣት ወይ መውረድ ነው። ለሜዳ ከተማ የማያስጨንቅ ሸራ እዚህ በየቀኑ ይፈተናል። በሌላ በኩል፣ ያለቀ ዲስክና ሸራ ሲቀየር በአብዛኛው የሚገባው ዕቃ መኪናውን የሠራው ፋብሪካ ካርቶን ውስጥ የመጣ አይደለም። ከሶማሌ ተራ ወይም ከመርካቶ የሚገዛ፣ ሌላ አምራች የሠራው መለዋወጫ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ዕቃ ማውገዝ አይደለም። ለገዢም ለሻጭም የሚጠቅመው ጥያቄ «ኦሪጅናል ነው ወይስ ኮፒ?» ሳይሆን «ሲግል ምን ያህል ይይዛል?» የሚለው መሆኑን፣ ለዚህም ጥያቄ መልስ የሚሰጥ አካል በቅርባችን መኖር እንዳለበት ለማሳየት ነው።

ቁልቁለቱ ምን ያህል ሙቀት ነው?

እስቲ ቀለል ያለ ስሌት እንሥራ። አንድ ቶን የሚመዝን ትንሽ አውቶሞቢል፣ ቪትዝ እንበል፣ 100 ሜትር የከፍታ ልዩነት ያለው ቁልቁለት ፍጥነቱን ሳይጨምር ወረደ። ያጣው የከፍታ ኢነርጂ ክብደቱ በስበት ፍጥንጥነት (9.81) እና በ100 ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ ይኸውም 981 ሺህ ጁል ገደማ ይሆናል። ይኸው መኪና በሰዓት 60 ኪ.ሜ. እየተጓዘ ድንገት ቢቆም ፍሬኑ የሚቀበለው 139 ሺህ ጁል ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ 100 ሜትር መውረድ ማለት ከ60 ኪ.ሜ. ፍጥነት 7 ጊዜ በተከታታይ እንደ መቆም ማለት ነው።

ይህ ኢነርጂ አይጠፋም፤ ሙቀት ይሆናል። የፊት ዲስኮች እያንዳንዳቸው 5 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ ብንልና አንድ ኪሎ ግራም ግራጫ ቀልጦ የተቀረጸ ብረትን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 460 ጁል ገደማ እንደሚያስፈልግ ብናስብ፣ ሙቀቱ በሙሉ በሁለቱ ዲስኮች ቢጠራቀም በ213 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላሉ። በተግባር የሞተሩ ተቃውሞ፣ የኋላ ፍሬንና ነፋሱ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሹን ነፃ አድርጎ የሚወርድ ሹፌር ግን የሞተሩን ድርሻ በገዛ እጁ ጥሎ ለሸራው ያሸክመዋል። ሙሉ ተሳፋሪ የጫነ ሚኒባስ ወደ 2 ቶን ተኩል ስለሚመዝን ኢነርጂውም በዚያው ልክ ያድጋል። ከእንጦጦ አናት እስከ ስድስት ኪሎ ያለው የከፍታ ልዩነት ደግሞ በመቶዎች ሜትር የሚቆጠር ነው።

በዚህ ላይ የከተማችን ከፍታ የራሱን ዕዳ ይጨምራል፤ ይህን ነጥብ በመለዋወጫ ንግድ ላይ ሲነሣ ሰምቼ አላውቅም። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ የአየር ግፊቱ 76 ኪሎ ፓስካል ገደማ ነው፤ በባሕር ጠለል 101 ነው። የአየሩ እፍጋትም ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ዲስኩን የሚያቀዘቅዘው ነፋስ ሙቀት የማንሣት ዐቅሙ ወደ አንድ አምስተኛ ገደማ ይቀንሳል። የእግርን ጫና የሚያግዘው ቡስተርም የሚሠራው በውጭው አየርና በሞተሩ ቫኪዩም መካከል ባለው የግፊት ልዩነት ነው። የቤንዚን ሞተር በዝግታ ሲዞር የውስጥ ግፊቱ 33 ኪሎ ፓስካል ቢሆን ልዩነቱ በባሕር ጠለል 68፣ እዚህ ግን 43 ይሆናል። ቡስተሩ ሊሰጠው የሚችለው ከፍተኛ እገዛ ከሲሶ በላይ ጎደለ ማለት ነው። በዝግታ ስንነዳ ይህ አይታወቀንም፤ ሕፃን ድንገት መንገድ ሲገባና ፔዳሉን በሙሉ ኃይል ስንረግጥ ግን ይታወቀናል። ናፍጣ ሞተር የራሱ የቫኪዩም ፓምፕ ስላለው ጉድለቱ ያነሰ ነው፤ ቢሆንም አያመልጥም።

ቶኪዮ ወይም ዱባይ ላይ በቂ ሆኖ የተገኘ ሸራ ፒያሳ ላይ በቂ ነው የሚል ዋስትና የሌለው በዚህ ምክንያት ነው።

የፍሬን ዘይቱን በአጭሩ ላንሣውና ልለፍ። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይስባል። «ዶት 3» የተባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ፣ እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን እስከ 140 ዲግሪ ብቻ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቅበታል፤ «ዶት 4» ደግሞ 230 እና 155። ከላይ ያሰላነውን 213 ዲግሪ ከእነዚህ ቁጥሮች ጋር ማስተያየት ነው። የዲስኩ ሙቀት በሙሉ ዘይቱ ዘንድ አይደርስም፤ ቀጭን ሸራና ያለቀ ዲስክ ግን መንገዱን ያሳጥሩለታል። አዲስ ሸራ አስገብቶ የአምስት ዓመት ዘይት መተው ገንዘብን በከንቱ ማውጣት ነው።

ሸራ ከምን ይሠራል?

«ሸራ» የሚለው ስም ራሱ ታሪክ አለው። የመጀመሪያዎቹ የፍሬን ልባሶች በእርግጥም የተሸመኑ ጨርቆች ነበሩ። እንግሊዛዊው ኸርበርት ፍሩድ በ1897 እ.ኤ.አ. ሥራ በጀመረው ድርጅቱ፣ በኋላ «ፌሮዶ» በተባለው፣ በመጀመሪያ ጥጥን፣ ቀጥሎም አስቤስቶስን ሸምኖ ልባስ ሠርቷል። በእኛም ዘንድ ስሙ ከዚያ ዘመን ሳይቀር አልቀረም፤ ፍሬን የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ እንደ መጣ ሁሉ። የዛሬው ሸራ ግን ጨርቅ አይደለም። ከብረት ወይም ከሌላ ቃጫ፣ ከግራፋይት፣ ከጎማ ብናኝ፣ ከማዕድናት ዱቄትና እነዚህን ሁሉ ከሚያያይዝ ፌኖሊክ ከተባለ ሬዚን የተዋሐደ፣ በሙቀትና በግፊት የተጋገረ ነገር ነው። ጠቅላላው ምስጢር በመጠኑ ላይ ነው። ሬዚኑ ርካሽ ከሆነ ወይም በቂ ጊዜ ካልተጋገረ፣ ሙቀቱ ከ300 ዲግሪ ሲያልፍ ተቃጥሎ ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ በሸራውና በዲስኩ መካከል እንደ ቅባት ይሆናል፤ ገጹም ይመስታወታል። ሹፌሩ በማግሥቱ ጠዋት ቀዝቃዛውን ፍሬን ሲሞክረው ደህና ሆኖ ያገኘዋል።

እዚህ ላይ የገበያውን ክርክር እናምጣ። ሻጩ «ኦሪጅናል» ሲል የመኪናው ፋብሪካ ሠራው ማለቱ ነው። እውነቱ ግን የመኪና ፋብሪካዎች ሸራቸውን በአብዛኛው ራሳቸው አይሠሩም፤ እንደ አኬቦኖና አድቪክስ ካሉ የፍሬን አምራቾች ይገዛሉ። እነዚሁ አምራቾች ወይም እኩዮቻቸው በራሳቸው ስም ለመለዋወጫ ገበያ ያቀርባሉ። ስለዚህ የመኪናው ፋብሪካ ማኅተም የሌለበት ሸራ ከማኅተሙ ጋር ከመጣው የማይተናነስ፣ አንዳንዴም ለቁልቁለት የሚሻል ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው፣ ከሁሉ አስቀድሞ በቀላሉ የሚመሳሰለው ካርቶኑ ነው። ውስጡ ያለውን ቅይጥ መሥራት ዓመታት የሚወስድ ሙያ ሲሆን ካርቶኑን ማተም ግን የጥቂት ቀን ሥራ ነው። «ኦሪጅናል» የሚለው ቃል ያለ ምርመራ ሲነገር የሚያረጋግጠው ዋጋው መወደዱን ብቻ ነው።

ሸራው ራሱ ግን አንዳንድ ነገር ይናገራል። በብዙ ሸራዎች ጠርዝ ወይም ጀርባ ላይ ከሚታተሙት ምልክቶች መጨረሻ ሁለት የላቲን ፊደሎች ይገኛሉ፤ በአሜሪካ የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ማኅበር ሥርዓት መሠረት የሰበቃ ቁጥርን ያመለክታሉ። የመጀመሪያው በመደበኛ ሙቀት፣ ሁለተኛው ሲግል ያለውን። «ኢ» ከ0.25 እስከ 0.35፣ «ኤፍ» ከ0.35 እስከ 0.45፣ «ጂ» ከ0.45 እስከ 0.55 ማለት ነው። «ኤፍ ኢ» የተጻፈበት ሸራ ሲግል ይወርዳል፤ «ኤፍ ኤፍ» ባለበት ይቆያል። ለቸርችል ጎዳና የትኛው እንደሚሻል መናገር አያስፈልግም። ይህ ምልክት ግን ከአንዲት ትንሽ የሸራ ቁራጭ የተገኘ መለኪያ እንጂ የጥራት ማረጋገጫ አይደለም፤ ሐሰተኛ አታሚም ያሻውን ፊደል ሊጽፍ ይችላል። ጠንከር ያለው ማስረጃ የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን 90ኛው ደንብ ነው። በዚህ ደንብ ምትክ ሸራ ለተወሰነ የመኪና ዓይነት ተፈትኖ አፈጻጸሙ ከመጀመሪያው ሸራ ከ15 በመቶ በላይ እንዳይራራቅ ይጠየቃል። ያለፈው ሸራ በክብ ውስጥ የተጻፈ «ኢ» ፊደል፣ ከጎኑም የፈቃዱን አገር ቁጥርና «90 አር» የሚል ምልክት ይይዛል። ደንቡ ከሸራ ጀምሮ በኋላ ለምትክ ዲስኮችም ተዘርግቷል። ደንቡ ለአውሮፓ የወጣ ቢሆንም ምልክቱን ማንበብ ግን ማንም አይከለክለንም።

ዲስኩንስ ምን እናድርገው? የተለመደው መልስ በቶርኖ ማስላግ ነው። ሥራው በራሱ ጥፋት የለበትም፤ ገጹ የተቦረቦረ ወይም የተዛባ ዲስክ መስተካከል አለበት። ነገር ግን በዲስኩ ጠርዝ ወይም ማዕከል ላይ የተቀረጸ ዝቅተኛ ውፍረት አለ፤ ቶርኖ ቤት ውስጥ ይህን ቁጥር አንብቦ በካሊበር የሚለካ ባለሙያ ምስጋና ይገባዋል። ነፋስ የሚያሳልፍ ባለ ሁለት ገጽ ዲስክ ገጾቹ እያንዳንዳቸው 7 ሚ.ሜ. ቢሆኑና በድምሩ 2 ሚ.ሜ. ቢላግ፣ ሙቀት የሚሸከመው ብረት ከሰባት አንድ እጁን አጣ ማለት ነው። በመሆኑም በዚያው ቁልቁለት ይበልጥ ይግላል፤ የመሰንጠቅ ዕድሉም ይጨምራል። ከዝቅተኛው ውፍረት በታች የወረደ ዲስክ፣ ከእርሱ ጋር የተገናኘው ሸራ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ መጣል አለበት። አዲስ ዲስክም ቢሆን ዝገት መከላከያ ቅባቱ ሳይጠረግ መግጠም፣ ወይም የአንዱን ጎን ብቻ ቀይሮ ሌላውን መተው ያው ጥፋት ነው፤ መኪናው ወደ አንድ ወገን ይጎትታል።

አዲስ ሸራና ዲስክ ደግሞ መላመድ ይፈልጋሉ። የመጀመሪያዎቹን 200 ወይም 300 ኪ.ሜ. በለዘብታ እየተነዳ፣ በመካከለኛ ኃይል እየተያዘ፣ የሸራው ቅይጥ በዲስኩ ገጽ ላይ ስስ ሽፋን እንዲያኖር ጊዜ ሊሰጠው ይገባል። እኛ ዘንድ ሹፌሩ ከጋራዥ ወጥቶ የመጀመሪያውን ሙከራ የሚያደርገው ቀጥታ ወደ ለገሃር በመውረድ ነው።

አንድ ነገር ከመተው ብናገር እመርጣለሁ። አውሮፓ ኅብረት አስቤስቶስን ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከልክሏል፤ አሜሪካም የመጨረሻውን ዓይነት፣ ክሪሶታይልን፣ የከለከለችው በ2024 እ.ኤ.አ. ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ሁሉም የአስቤስቶስ ዓይነቶች ካንሰር አምጪ መሆናቸውን ይገልጻል። ምንጩ ያልታወቀ ሸራ ውስጥ ምን እንዳለ በዓይን መለየት አይቻልም። የጋራዥ ተለማማጅ ልጆች ግን የታምቡርና የካሊፐር ብናኝን በኮምፕሬሰር አየር ሲነፉ፣ ደመናው ፊታቸው ላይ ሲያርፍ በየቀኑ ይታያል። በእርጥብ ጨርቅ መጥረግ ምንም ወጪ የለውም። ዋጋ ለመቆጠብ የተገዛ ሸራ ዕዳውን በመኪናው ባለቤት ላይ ሳይሆን በአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳንባ ላይ ቢያኖር ቁጠባ ሊባል አይችልም።

መቃወሚያዎቹ

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ የድሃ ሹፌርን ኪስ ያላገናዘበ ነው የሚሉ ይኖራሉ። መቃወሚያው ክብደት አለው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪናዎችን በከፍተኛ ቀረጥ መታ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ አገደ። እንግዲህ በመንገድ ላይ ያሉት ቤንዚንና ናፍጣ መኪናዎች እየተተኩ ሳይሆን እያረጁ ይሄዳሉ፤ ሸራና ዲስክ የሚቀይሩትም ብዙ ጊዜ ነው። ለእነዚህ ባለቤቶች ኦሪጅናል ግዙ ብሎ መስበክ ከንቱ ነው፤ እኔም አልሰብክም። የምለው፣ በተመሳሳይ ዋጋ ከሚሸጡ ሁለት ሸራዎች አንዱ በሙቀት ከሌላው እጅግ ሊያንስ እንደሚችልና ገዢው ይህን የሚያውቅበት መንገድ እንደሌለው ነው። ድሃው ሹፌር ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳው በዋጋው ሳይሆን በዚህ ዕውቀት ማጣት ነው።

ሌሎች ደግሞ ምትክ ዕቃን በሙሉ እናግድ ይላሉ። ይህ ሐሰተኛ ካርቶንን ከማበልጸግ በቀር ሌላ ውጤት አይኖረውም፤ ፍላጎቱ ሳይጠፋ አቅርቦቱን በስም ብቻ ይለውጠዋል።

ዓመታዊ ምርመራ አለ፣ ቦሎ የሚሰጠው ፍሬን ተፈትኖ ነው የሚል ሦስተኛ ወገንም አለ። ምርመራው ጠቃሚ ነው። ነገር ግን በሮለር ላይ የሚደረግ የፍሬን ሙከራ በባሕርዩ ጥቂት ሰከንድ የሚወስድ፣ ፍሬኑ ሳይግል የሚካሄድ ነው። በግራና በቀኝ መካከል ያለውን ልዩነት ይለያል፤ ቁልቁለት መጨረሻ ላይ የሚሆነውን ግን ሊያይ አይችልም።

የኤሌክትሪክ መኪና ይህን ሁሉ ይፈታዋል የሚለውን ተስፋ በከፊል እጋራለሁ። ሞተሩ ጀነሬተር ሆኖ ቁልቁለቱን ወደ ባትሪ ስለሚመልስ ሸራው ይቆያል። ባትሪው ሙሉ ሆኖ ከእንጦጦ የሚነሣ መኪና ግን የሚመልስበት ቦታ ስለሌለው ሸክሙ ተመልሶ ዲስኩ ላይ ይወድቃል፤ መኪናውም ከባትሪው የተነሣ ከባድ ነው። ለረጅም ጊዜ ሳይሠራበት የቆየ ዲስክ በክረምት ይዝጋል። እናም የሸራ ጥያቄ ከነዳጅ ጋር አብሮ አያልፍም።

በ2016 ዓ.ም. ከተጀመረው የኮሪደር ልማት ወዲህ ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ ያለው መንገድ መልኩ ተለውጧል። ሰፊ መንገድ ፍጥነትን ይጋብዛል፤ ፍጥነት ከ40 ወደ 60 ኪ.ሜ. ሲያድግ ፍሬኑ የሚቀበለው ኢነርጂ በ2.25 እጥፍ ያድጋል። መንገዱ ሲታደስ የሸራው ጉዳይ አብሮ ሊታሰብ ይገባው ነበር።

ምን ይደረግ?

የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ለምትክ ሸራ የሙቀት ፈተናን ያካተተ ግዴታ እንዲያደርግ፣ አስመጪውም የፈተና ሰነድ ከዕቃው ጋር እንዲያቀርብ መጠየቅ ተገቢ ነው። ይህ ግን ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያው በአራት ኪሎ የሳይንስ ግቢና በአምስት ኪሎ የቴክኖሎጂ ግቢ ያለን ሰዎች የምንሠራው ነገር አለ፤ ከሁለቱም ግቢዎች እስከ ፒያሳ ቁልቁለት የእግር መንገድ ነው።

የሚያስፈልገው መሣሪያ ከመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ የመመረቂያ ሥራ የሚያልፍ አይደለም። አንድ 3 ኪሎ ዋት ሞተር፣ በእርሱ የሚዞር አንድ ያገለገለ ግን ውፍረቱ የተሟላ ዲስክ፣ በታወቀ ክብደት የሚጫን ሸራ፣ የመጎተቻውን ኃይል የሚለካ ሚዛንና በዲስኩ ገጽ አጠገብ የተቀበረ ቴርሞካፕል። የ5 ኪሎ ግራም ዲስክን ከክፍሉ ሙቀት ወደ 300 ዲግሪ ለማድረስ 640 ሺህ ጁል ገደማ ይበቃል፤ ሞተሩ በሙሉ ዐቅሙ ቢሠራ ብክነቱ ሳይታሰብ ከአራት ደቂቃ በታች ነው። ብክነቱ ሲታሰብ እጥፍ ይሁን፤ አንድ ሸራ በአንድ ከሰዓት በኋላ በሦስት የሙቀት ደረጃዎች ይለካል። ይህ የ90ኛውን ደንብ ፈተና አይተካም፤ ለማንም ፈቃድ አይሰጥም። ሲግል ሰበቃው በግማሽ የሚወርደውን ሸራ ከማይወርደው ለመለየት ግን ይበቃል።

ሸራዎቹ ተማሪ ሆነው ከማይታወቁ ገዢዎች እጅ፣ ከተለያዩ መደብሮች፣ ለአንድ የመኪና ዓይነት ተመርጠው ይገዙ፤ ለመጀመሪያው ዙር በከተማው የበዛው ኮሮላ ወይም ሚኒባስ ይበቃል። ከእያንዳንዱ ዓይነት ከአንድ ካርቶን በላይ ይወሰድ፤ አንድ ሸራ ብቻ ለክቶ ስለ አምራቹ መናገር አይቻልምና። ካርቶኑ ከላቦራቶሪው ውጭ ይጣል፤ በሸራው ጀርባ ያለው ጽሑፍም በቀለም ይሸፈን፤ ለኪው የሚያውቀው ቁጥሩን ብቻ ይሁን። ውጤቱ፣ ከዋጋው ጋር ጎን ለጎን፣ በዚህ መጽሔት ገጾች ላይ ይውጣ።